ስምንት በአንድ እጅ

መቱ ወህኒ ቤት የገባሁት በጣት ምክንያት ነው። በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ያኔ እዚያው መቱ የሒሳብ መምህር ነበርኩ።

በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ መጀመሪያ ያየሁት ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ዝናብና ከሥሩ የተቀመጠውን ጣሳ ነው። ክፍሉ እርጥብ ገለባና ላብ ይሸታል። ከሌሎቹ እስረኞች መካከል ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የገበያው ቀረጥ በዛ ብለው በአደባባይ በመናገራቸው የታሰሩ፣ ከመቱ አጠገብ ያለችው የሁሩሙ ከብት ነጋዴ። ሁሉም ሐጂ ይሏቸዋል። ገለባቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

«መምህር፣ ምን አድርገህ ነው?»

«ስምንት አስተምሬ።»

«ወይ ጉድ! ይኼስ ገና ሳያድር ነካ አደረገው!»

ከመጀመሪያው ጀምሬ አጫወትኳቸው። ለትምህርት ሆንግ ኮንግ ተልኬ ሳለሁ የቤት አከራዬ ከፔኪንግ የመጡ ባልቴት ነበሩ። ማንዳሪን የሚባለውን የሰሜኑን ቻይንኛ አስተምሩኝ ብላቸው፣ ትምህርቱን ዓሣ ገበያ ውስጥ ጀመሩልኝ። እኔ ዘንቢል ተሸካሚ፣ እሳቸው አስተማሪ። ቻይንኛ ድምፅን እንደ ዜማ ማንሳትና መጣል ይፈልጋል፤ እኔ ድምፄን ሳነሳ ቅንድቤም አብሮ ስለሚነሳ ሻጮቹ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። በእጅ ቆጠራ ግን ጎበዝ ወጣሁ። ቻይኖች በአንድ እጅ እስከ አሥር ይቆጥራሉ፤ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ሲዘረጉ ስድስት፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲዘረጉ ስምንት። «ሌላው እጅህማ ዘንቢል ይይዛል» ይሉኝ ነበር ባልቴቷ። እንዴት እንደወደድኩት! አገሬ ስገባ ለተማሪዎቼ ያመጣሁላቸው ስጦታ እሱው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የአውራጃው ገዥ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ መጡ። የእኔ ክፍል ገብተው «አምስትና ሦስት ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ሊያኮሩኝ ፈልገው፣ ሁሉም ያንን ሽጉጥ የሚመስለውን የስምንት ጣታቸውን ወደ ገዥው ዘረጉ።

ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። ኋላ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«አሁንስ ምን ይሉሃል?»

«የኮሚኒስት ምልክት ነው ይሉኛል። የወህኒ ቤቱ ሃምሳ አለቃ እንዳለኝ፣ ጣታቸውን ቀድመው ያነሱትን ልጆች ስም ከሰጠሁ ቤቴ ልገባ፣ ካልሰጠሁ ነገ ወደ አዲስ አበባ ልጫን ነው።»

«ትሰጣለህ?»

«ከትምህርት ቤት ያባርሯቸዋል፣ ሐጂ። አልሰጥም።»

ይህን ስል፣ እውነቴን ነው፣ በጣም ፈርቼ ነበር።

ሐጂ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው እጄን ከሥሩ ሳቡት። «እኛም በሬ ስንሻሻጥ ዋጋውን በጋቢ ሥር በጣት ነው የምንነጋገረው፤ እኔ የእኔን አሳይሃለሁ፣ በል የአንተን አሳየኝ» አሉ። ከሰዓቱ በሙሉ በዚህ አለፈ። ሌሎቹም እስረኞች አንድ በአንድ እየተጠጉ ተማሩ፤ ያ ክፍል የሳቅ ቤት ሆነ።

አመሻሽ ላይ ሃምሳ አለቃው እንደ ወትሮው ለቆጠራ በሩን ከፈተ።

«ስንት ናችሁ?»

ሐጂ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ዘረጉ። ሌላውም ተከተለ። እኔም ዘረጋሁ። የሃምሳ አለቃው እጅ ወደ ወገቡ ሽጉጥ ሄደ።

«እጅ አውርዱ!»

«ሰዴት» አሉ ሐጂ በኦሮምኛ፣ እጃቸውን ሳያወርዱ። «ስምንት ነን። እስቲ ይቁጠሩን፣ ሃምሳ አለቃ።»

ቆጠረን። ስምንት ነን። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ የገዛ እጁን አንስቶ ሁለቱን ጣቶቹን ዘርጋ አድርጎ አያቸውና ቆልፎብን ሄደ።

ጠዋት አስጠራኝ።

«ስሞቹን ትሰጣለህ?»

«ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። የእኔን ስም ይጻፉ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ለበላዮቼ ምልክቱ ቁጥር ነው ብያቸዋለሁ። ውጣ። ከእንግዲህ እንደ ሰው በሁለት እጅ አስተምር!»

«ሌላው እጅ ዘንቢል ይይዛል፣ ሃምሳ አለቃ» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ሐጂም ብዙ ሳይቆዩ ተፈቱ፤ እስኪሞቱ ድረስ ስንገናኝ በአንድ እጅ እየቆጠርን ነበር የምንጫወተው። ቻይንኛዬ ዛሬ ተኖ አልቋል። ባለፈው ቅዳሜ ግን መቱ ገበያ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት አየሁ። በዕድሜ የልጅ ልጄ ትሆናለች፤ እኔ አላስተማርኳትም። በአንድ እጇ ዘንቢል ይዛ፣ በሌላው አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ለብርቱካን ሻጯ ዘረጋችላት። ማንም አልደነገጠም። ሻጯ ስምንት ብርቱካን ቆጥራ ዘንቢሉ ውስጥ ጨመረችላት።