ከፈረሴ አልወርድም

እንጅባራ ለፈረስ ጉግስ ዳማ ፈረሴን ሸልሜ ብቅ ስል ተራራው ራሱ መንገድ ለቀቀልኝ። ካሜራ ያነገተች አንዲት ጃማይካዊት ግን ፊቴ ተገተረች።

አስተርጓሚዋ፣ «አባባ፣ ሟች ወንድ አያቷን ቁርጥ ነዎት አለች። እሳቸው አንድም ፎቶ የላቸውም። ወርደው ፊትዎን ብቻ ታንሳዎት» አለኝ።

«አገው ያለ ፈረስ ግማሽ ሰው ነው። ግማሼን ባሕር ማዶ አልልክም!»

ሕዝቡ፣ «ኧረ ይውረዱላት፣ ፈረሱን እኛ እንይዝልዎታለን!» እያለ ሳቀብኝ። መልአክ ቢለምነኝም አልወርድም አልኩ።

ልጅቱ ከነፈረሴ አነሳችኝና ጃማይካ ላሉት ሴት አያቷ በስልክ ላከችላቸው። ወዲያው ደወሉ። ጩኸታቸው ያለ ኔትወርክ ጎረቤት ከተማ ጥሊሊ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ምን አሉ?» አልኩት አስተርጓሚውን።

«ቁርጥ ባሌን ነው አሉ። ባላቸውም ፎቶ አንሺ በመጣ ቁጥር ‹ከፈረሴ አልወርድም› እያሉ ነው ያለ ፎቶ የሞቱት!»