በሳማርካንድ የተቀዳልኝ ጎዶሎ ሻይ

ቡታጅራ ውስጥ የዓለም ካርታ ማንበብ የሚችሉ ሽማግሌዎችን ቁጠር ብባል ከራሴ ጀምሬ ራሴው ላይ እጨርሳለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በልጅነቴ በተቀጠርኩበት ሱቅ፣ በርበሬና ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። አንብቤ ያልጨረስኩትን ገጽ ወደ ጎን አድርጌ ለደንበኛው በሌላ እጠቀልልለት ነበር። ሩሲያኛም ቢሆን በደርግ ጊዜ አንድ ባለሙያ ጥሎት ከሄደ መጽሐፍ ለብቻዬ ተምሬአለሁ። ስለዚህ ልጃችን ኡዝቤኪስታን እንሂድ ስትለን ከቤቱ ሰው ሁሉ ያልደነገጥኩት እኔ ነበርኩ።

ልጃችን ዱባይ ውስጥ ነርስ ናት። እዚያው የሚሠራ አንድ የሳማርካንድ ተወላጅ መሐንዲስ ሊያገባት ጠይቋታል። በስልክ እንዲህ አለችኝ።

"አባዬ፣ ያለ አንተ ቃል አላገባም። በእረፍቴ አብረን እንሂድ። አገሩን እዩ፣ ቤተሰቡን እዩ። በመጨረሻው ቀን እሺ ወይም እምቢ በለኝ።"

"እምቢ ካልኩስ?"

"አልከራከርህም።"

ይህች ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ሳትከራከረኝ ያለፈ ነገር ስለሌለ፣ ቃሏ ከበደኝ።

በእኛ አገር ልጅ የሚሰጥበት ቤት ይጠናል። እንሴኖ ገበያ ላይ ቆሞ ሦስት ሰው መጠየቅ ይበቃል። ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነ፣ እናቱ ለእንግዳ ምን እንደምታቀርብ፣ አባቱ ከጎረቤት እንዴት እንደሚኖር ሳትጨርስ ይነግሩሃል። ሳማርካንድ ላይ ማንን አቁሜ ልጠይቅ? አሰብኩና በአንድ ነገር ልመዝናቸው ወሰንኩ፤ በእንግዳ አቀባበላቸው። እንግዳ የሚያከብር ቤት ልጄንም ያከብራል።

ባለቤቴ ባዶ እጄን የሰው ቤት አልገባም ብላ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ፣ ንጥር ቅቤ በጣሳ አሽጋ ያዘች። ሳማርካንድ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንዱ ፈታሽ ኮባውን ገለጠና አሸተተ። ጓደኛውን ጠራ፤ እሱም አሸተተ። ሁለቱም እኔን አዩኝ። በሩሲያኛ ላስረዳ ስል መጽሐፌ ስለ ቆጮ ምንም እንደማይል ትዝ አለኝ። "ይህ ዛፍ ነው፤ እኛ እንበላዋለን" አልኩ። ፈታሾቹ ተያይተው አሳለፉን። ባለቤቴ ዱዓዬ ነው ትላለች። እኔ ሩሲያኛዬ ነው እላለሁ።

በማግስቱ ሬጊስታን የሚባለውን አደባባይ አየን። ሦስት ግዙፍ ሕንፃዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል፤ ሰማያዊ ጌጣቸው ዓይን ይይዛል። ባለቤቴንና ልጄን አስቁሜ የቦታውን ታሪክ ከማውቀው ነገርኳቸው። ከዚያም ጫማዬን አውልቄ፣ በእጄ አንጠልጥዬ፣ በቀኝ እግሬ ገባሁ። ውስጡ የሻርፕ ሱቅ ነው። ሻጯ ጫማዬን አየች፣ ቀጥሎ ካልሲዬን አየች። ሕንፃዎቹ መስጊድ ሳይሆኑ የድሮ የሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ መድረሳ፣ እንደነበሩ ልጄ በኋላ ነገረችኝ። ታዲያ የት ጋ ጫማ እንደሚወለቅና የት ጋ እንደማይወለቅ እስክንመለስ ድረስ አልጠራልኝም።

የመሐንዲሱ ቤተሰብ ቤት ሰፊ ግቢ አለው። ወይን ሐረግ ጣራ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ከሥሩ እንደ መደብ ያለ ትልቅ የእንጨት መቀመጫ አለ። ጫማችንን አውልቀን ወጣንበት። እናትና አባቱ በሕይወት ስለሌሉ ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው። አያትየው በዕድሜ ትንሽ ይበልጡኛል፤ ጥቁር ቆብ፣ ሁለት የወርቅ ጥርስ። "አሰላሙ አለይኩም" ተባባልን። በዚያ ሳምንት ሁለታችንም እኩል የገባን ንግግር እሱ ብቻ ነበር። መሐንዲሱ ልጅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ይህ ደስ አለኝ።

ሻይ መጣ። ሴት አያቱ ከበራዱ ወደ ጎድጓዳ ሲኒ ቀዱና መልሰው በራዱ ውስጥ ገለበጡት። ቀድተው የተጸጸቱ መሰለኝ። እንደገና ቀዱ፣ መለሱ። ሦስተኛም እንዲሁ፤ ሻዩ እንዲዋሃድ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። በመጨረሻ ለእኔ ሰጡኝ። ወደ ሲኒው ውስጥ አየሁ፤ ሁለት ጉንጭ የማይሞላ፣ ስኳር የሌለው አረንጓዴ ሻይ። በአንድ ጊዜ ጨለጥኩት። ተነሡና ያችኑ ሁለት ጉንጭ ደገሙልኝ።

ባለቤቴ በቋንቋችን ሹክ አለችኝ። "ሻይ ተወዶባቸው ይሆን?"

"ዝም በይ።"

"በራዱ እኮ ሙሉ ነው። አይቼዋለሁ።"

ቀጥሎ ምግቡ ሲቀርብ ደግሞ ሌላ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ካሮትና የበግ ሥጋ የበዛበት ሩዝ በትልቅ ሳህን ተቆልሎ መጣ፤ መሐሉ ማኅተም የተመታበት የሚመስል ክብ ዳቦ ከዚህም ከዚያም ተቆረሰ። ሩዙ ላይ ስስ ሆኖ የተቆራረጠ ጥቁር ሥጋ ነበር። አያትየው በእጃቸው እያነሱ ወደ እኔ በኩል አደረጉልኝ፤ አራት አምስት በላሁ፤ ጥሩ ነው። ልጄን ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ፈረስ ነው፤ ለክቡር እንግዳ ነው የሚቀርበው" አለች።

ፈረስ በእኛ አገር ይሞገሳል እንጂ አይበላም። ባለቤቴ ሳህኗን ቀስ አድርጋ ወደ ልጄ ገፋችው። እኔ ግን አፌ ውስጥ የነበረውን ዋጥኩ። ፈረስ አርደው የሚያበሉ ሰዎች ሻይ የሚሰስቱት ለምንድን ነው? እንቆቅልሹ እዚያ ላይ ያዘኝ።

በሦስተኛው ቀን ልጁ በመኪናው ወደ ተራራ ወሰደን። መንገዱ ሲጠማዘዝ የእኛን ዘቢዳር ተራራ የምወጣ መስሎኝ ነበር፤ ጫፍ ላይ ስንደርስ ግን ከሥራችን ያለው አገር ደረቅና ወርቃማ ነው፣ እንሰት የለ፣ ባሕር ዛፍ የለ። መንገድ ዳር ነጫጭ ድቡልቡል ነገር ይሸጣሉ። ከረሜላ ነው ብዬ አንዱን በሙሉ አፌ ውስጥ ከተትኩት። የደረቀ እርጎ ነው፤ ጨው ብቻ። ልጁ አይቶኝ ውኃ ሊያመጣ ሮጠ። ጥሩ ልጅ ነው፣ አልካድኩም። ማታ ግን ቤታቸው ስንመለስ ያው ሁለት ጉንጭ።

እናንተ ደግሞ ቆጮውስ ምን ሆነ ትሉኛላችሁ። ሴት አያቱ የአፕሪኮት ማርማላታ ቀቡበት። ባለቤቴ አየችና ፊቷን ወደ ወይኑ አዞረች።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሆቴላችን ውስጥ ሻዬን ራሴ እስከ አፉ ቀድቼ እየጠጣሁ ለባለቤቴ ነገርኳት።

"እምቢ ልላት ነው።"

"በሻይ ምክንያት?"

"ሻይ ብቻ አይደለም። ሙሽራ ሆና እዚያ ቤት ስትገባ ግማሽ ግማሽ እየተቀዳላት ልትኖር ነው?"

"ሩዙንስ ምን ልታደርገው ነው? ፈረሱንስ?"

"ሩዝ ለዓይን ነው። የሰው ሆድ የሚታወቀው በሻይ ነው።"

"አንተ ሰው፣ ቢያንስ ልጅቷን ጠይቃት።"

አልጠየቅኳትም። ሕይወቴን በሙሉ ሳልጠይቅ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ምሳ ላይ እነሱ ቤት፣ እምቢታዬን ከመናገሬ በፊት፣ እንግዳ እንዴት እንደሚከበር ላሳያቸው ፈለግሁ። በራዱን ከሴት አያቱ እጅ ተቀበልኩና የአያትየውን ሲኒ ሞላሁት። በቡታጅራ ደንብ፣ ሻዩ የሲኒው ከንፈር ላይ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ።

ሴት አያቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ልጁ ወደ ልጄ ዞረ። አያትየው ሲኒውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ከመደቡ ወረዱ፣ ጫማቸውን አጠለቁ፣ በሩን ከፍተው ወጡ።

"አባዬ፣ ምን አደረግክ?" አለች ልጄ።

"ሻይ ቀዳሁላቸው።"

"እዚህ አገር እስከ አፉ የሚቀዳው ጠጥቶ ይሂድልን ለሚሉት ሰው ነው። የሚፈለግ እንግዳ ትንሽ ትንሽ ይቀዳለታል፤ ቶሎ ቶሎ ተነሥተው እንዲያስተናግዱት፣ ቆይቶ እንዲጫወት። ሰውየውን ከገዛ ቤታቸው አባረርካቸው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስለ አገሩ ልነግርህ ስጀምር 'አውቃለሁ' ያልከኝ አንተ ነህ።"

ሴት አያቱ በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደተነሡልኝ ለማሰብ ሞከርኩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሲነሡ መደቡን ተደግፈው ነበር። ያን ሁሉ አይቼ ስስት ነው ያልኩት።

ተነሥቼ ወጣሁ። አያትየው ደጃፉ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አለቀሱ ብዬ ቀረብኩ። እየሳቁ ነው፤ የወርቅ ጥርሳቸው በሙሉ ይታያል። በሩሲያኛ "ሻይ፣ እባክዎ" አልኳቸው። ረጅም መልስ ሰጡኝ፤ አንዱም አልገባኝም። በእኛ ዘንድ ያስቀየሙት ሽማግሌ በእጁ ተይዞ ይመለሳል። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። የሞላውን ደፋሁ። በሁለት እጄ ሁለት ጉንጭ ቀዳሁላቸው። ጠጥተው ሲኒውን ዘረጉልኝ። እንደገና ሁለት ጉንጭ። እንደገና። ወገቤን እስኪያመኝ ድረስ አልተቀመጥኩም።

ልጄ ቀስ ብላ "አባዬ፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው" አለችኝ።

"ምን ያህል እንደምቀዳላቸው አታዪም?" አልኳት።

ጉልበቴን ሳመችኝ። ልጁ ምን እንደተባለ ጠየቃት፤ ነገረችው።

ክረምቱ ሲወጣ ለሠርጉ ቡታጅራ ይመጣሉ። ባለቤቴ "በእኔ ቤት የማንም ብርጭቆ አይጎድልም" ብላለች። ባለፈው ሳምንት ለልምምድ ብዬ ከቡኢ ለመጣ የድሮ ወዳጄ ሁለት ጉንጭ ቀዳሁለት። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየው።

"ያለቀው ሻዩ ነው ወይስ ወዳጅነታችን?" አለና ተነሥቶ ወጣ። እሱን ደግሞ ለመመለስ እስከ አስፋልቱ ድረስ መሮጥ ነበረብኝ።

በሠርጉ ቀን የሳማርካንዶቹና የቡታጅራዎቹ አንድ ዳስ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በራዱን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሁለቱን አገር አይቶ የሚያውቅ ሽማግሌ በከተማው ስለሌለ ለማንም አልሰጥም። እስከ የት እንደምቀዳ ግን ገና አልወሰንኩም።