ከአስፋልቱ ሥር ያለው ባቡር

እናቴ ቡታጅራ የተቀበረችው ሐሙስ ነው። እኔ ግን ሲያትል ውስጥ እስከ ቅዳሜ ምሽት ድረስ እናት ነበረችኝ።

ወንድሜ የደወለው ለእኔ ሳይሆን ለባለሱቋ ጓደኛዬ ነው። እንደኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ፣ ሽማግሌ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው የሚነገረው። አገር ቤት ቢሆን ጎህ ሳይቀድ በሬ ይንኳኳ ነበር። እዚህ ግን ግማሹ ሰው ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጠዋት ነው የሚተኛው፤ ስለዚህ የዕድራችን ሰዎች ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከሲያትል አጠገብ ሬንተን ባለችው አፓርታማዬ ሊሰበሰቡ ተቀጣጠሩ። እስከዚያ ድረስ እኔን ከቤት አውጥቶ የሚያውለኝ፣ ምንም ሳያስነቃ የሚመልሰኝ ሰው አስፈለገ። ሥራው ለጓደኛዬ ተሰጠ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ቀን ሳስታውስ ግን ሁለቱንም አብሬ አያቸዋለሁ፤ የማላውቀውን እኔንም፣ የምታውቀውን እሷንም።

ቅዳሜ ጠዋት ለእናቴ መደወል ልማዴ ነበር። ያን ቀን ስልኳ ዝግ ሆነ። የወንድሜም እንደዚያው። የስልክ ካርዱን ቁጥር ደግሜ እየመታሁ ሳለ ጓደኛዬ መጣች።

«ኔትወርክ የለም አሉ፣ አገሩ በሙሉ» አለች፣ እኔ ምንም ሳልላት። «የኔም ሰዎች አያነሱም። በይ ተነሽ፤ ያንን ባቡርሽን አሳዪኝ።»

ስለዚያ ባቡር ስንት ጊዜ ለምኛት ነበር! ፊደል የቆጠርኩት ልጅነቴ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃን የጨረስኩት እዚሁ ሲያትል፣ በማታ ክፍል። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያነበበውን ሄዶ በዓይኑ ካላየ አይዋጥለትም፤ እኔ እንኳ እንደዚያ ነኝ። ስለ ከተማዋ ታሪክ ሳነብ፣ ድሮ ኩዊን አን በሚባለው ኮረብታ ላይ የመንገድ ባቡር ይወጣ እንደነበር ደረስኩበት። ዳገቱ እጅግ ቀጥ ያለ ስለሆነ ባቡሩ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ከመንገዱ ሥር ዋሻ ቆፈሩ፤ በዋሻው ውስጥ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ከባድ ክብደት አኖሩ፤ ባቡሩንና ክብደቱን በብረት ገመድ አገናኟቸው። ክብደቱ በጨለማው ሲወርድ ባቡሩ በብርሃኑ ይወጣል። ባቡሩ ሲወርድ ደግሞ ክብደቱ ተመልሶ ይወጣል። ባቡሩ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዋሻው ግን ከአስፋልቱ ሥር እስካሁን አለ።

ይህን ስነግራት የጓደኛዬ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «የማይታይ ባቡር ለማየት ሱቄን ልዝጋ?»

ያን ቅዳሜ ዘግታ መጣች። የሱቋ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ ለልጇ ልደት እንኳ ቅዳሜ ዘግታ አታውቅም። መንቃት የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ።

«ቁልፍሽን ስጪኝ» አለች በሩ ላይ። «ያንን የሚያንጠባጥብ ቧንቧሽን ባሌ መጥቶ ይሥራልሽ።»

የወጥ ቤቴ ቧንቧ ለወራት ሲያንጠባጥብ ኖሯል። መጽሐፍ ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ጠብ፣ ጠብ እያለ የማነበውን መስመር ያጠፋብኛል። አመስግኜ ቁልፉን ሰጠኋት።

በየሱቁ ስታዞረኝ ውላ፣ ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ግርጌ ስንደርስ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ እንድንወርድ አደረግሁ። እስከ ላይ በመኪና እንውጣ ብላ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ባቡሩ ይሄድበት በነበረው መንገድ ዛሬ ከላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። በእሱ ካልወጣን መምጣታችን ምን ዋጋ አለው?

አውቶቡሱ ድምፅ የለውም። ዳገቱን ሲጀምር እንደ ሕልም ሰው ክብደቱን የጣለ መሰለኝ። ፊት የተቀመጡት ከራሳችን በላይ ሆኑ፤ ከኋላ ያሉት ከእግራችን በታች። በኋላው መስኮት መንገዱ እንደ ተንጠለጠለ ጨርቅ ቁልቁል ወርዶ ጫፉ ባሕሩን ነካ። የቤቶቹ ደረጃዎች፣ ዛፎቹ፣ ውሻ የምትጎትት ሴትዮ፣ ሁሉም ወደ ጎን ዘምመው አለፉ።

«አሁን ከሥራችን እየወረደ ነው» አልኳት።

«ምኑ?»

«ክብደቱ።»

«ድሮ ቆሟል አላልሽም?»

«ቆሟል። ግን እየወረደ ነው ብለሽ አስቢ።»

«ኦኬ ቲቸር፣ አሰብኩ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቲቸር የምትለኝ ልትቀልድብኝ ስትፈልግ ነው፤ ያኔ ግን ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

ላይ ስንደርስ ከአውቶቡሱ ወርደን፣ ትንሽ በእግር ሄደን መመልከቻው ጋ ደረስን። ዝቅ ያለ ግንብ አለው፤ ከግንቡ ወዲያ ከተማው ነው። ስፔስ ኒድል የሚባለው ማማ ከሩቅ እንደማየው ሳይሆን እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። ከበስተጀርባው ፎቆቹ፣ በቀኝ በኩል ባሕሩ፣ ባሕሩ ላይ ነጭ መርከብ፣ ቆማለች ብዬ ዞር ስል ቦታ ለውጣ የማገኛት። ሬኒየር ተራራ ግን የለም። በእሱ ቦታ ደመና ተቀምጧል። እዚህ አገር ሰማዩ ጠርቶ ተራራው ሲታይ ሰዉ «ተራራው ወጣ» ይላል፤ ቤት ውሎ ደጁን ሊያይ ብቅ እንዳለ ሽማግሌ። ያን ቀን አልወጣም።

ጓደኛዬ በወረቀት ኩባያ ሻይ ገዝታ መጣች። የራሷን ሹራብ አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለች። ግንቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ይሄን ለእናቴ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?» አልኩ። «ባቡሩን የሚያወጣው ከሥር የሚወርድ ሌላ ነገር ነው ብላት፣ ‹ያ ከሥር ያለውስ ምን በላ?› ነው የምትለኝ።»

ጓደኛዬ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ምን ሆንሽ?»

«ንፋስ ነው።»

ንፋስ አልነበረም። ከግንቡ ሥር ያሉት ቅጠሎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ይህንን ልነግራት ፈልጌ ተውኩት።

«ነገ ኔትወርኩ ሲመጣ እነግራታለሁ» አልኩ።

«እስቲ አሁን ለኔ ንገሪኝ» አለች። «ለሷ እንደምትነግሪያት አድርገሽ። እኔ እሷ ልሁን።»

እንዲህ ያለ ጨዋታ አልወድም፤ ያን ቀን ግን እሺ አልኩ። እናቴ የምትሰማበትን ቋንቋ ፈልጌ ጀመርኩ። እዚህ አንድ ረጅም ምሰሶ አለ፣ እማ፣ አናቱ ላይ ሰፌድ የደፉበት። ባሕሩ ላይ ቤት የሚያህል መርከብ አለ፣ መኪና ጭኖ የሚሻገር። ከኛ ሥር ደግሞ መንገድ አለ፤ በመንገዱ ሥር ሌላ መንገድ፤ እዚያ ጨለማው ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ቁልቁል ይሄዳል፤ ላይ ያሉት ሰዎች ግን አያውቁትም፣ ጋዜጣቸውን እያነበቡ ይወጣሉ። ጓደኛዬ በየመሐሉ «እሰይ» ትላለች፤ «ኧረ በይ!» ትላለች፤ እናቴን አንድም ቀን ሳታያት ድምፅዋን አገኘችው። ለስንት ጊዜ እንዳወራሁ አላውቅም። ብርሃኑ ቀስ እያለ ወርቅ መሰለ፤ ፎቆቹም መስኮታቸውን አንድ በአንድ ለኮሱ።

ስልኳ ጠራ።

«አቤት ጋሼ... እሺ ጋሼ፣ መንገድ ላይ ነን። ትራፊኩ ነው የያዘን። ኧረ አንቱ አይቁሙ፣ ቁጭ ይበሉ። እሺ።»

ስልኩን እስክትዘጋ ጠብቄ ተቆጣሁ። «የምን ትራፊክ? ግንብ ላይ ተቀምጠሽ ሻይ እየጠጣሽ ለሽማግሌ ትዋሺያለሽ?»

«ተይኝ እስቲ። የዕድር ሰዎች ተሰብስበው ነው።»

«ይባስ! ታዲያ ተነሽ እንሂድ፤ የዕድር ሰው ማስጠበቅ ነውር ነው።»

«ቁጭ በይ» አለችኝ፤ እንዲህ ጠንክራ ተናግራኝ አታውቅም። «ተራራሽ ሳይወጣ የትም አልሄድም።»

ተቀመጥኩ። ስልኩ እንደገና ጠራ፤ አላነሳችውም። ሁለታችንም ደመናውን ማየት ቀጠልን። መጀመሪያ ሥሩ ሳሳ። ከዚያ፣ ተራራው ይሆናል ብዬ ከጠበቅሁት ቦታ ብዙ ከፍ ብሎ፣ አንድ ሮዝ መስመር ታየ። ደመና ነው ስል ጫፍ ሆነ፤ ጫፉ ትከሻ አበቀለ፤ ከዚያ መላ ተራራው መሬት ሳይነካ ከከተማው ጀርባ ቆመ። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ካሜራቸውን አነሱ።

«ወጣ» አለች ጓደኛዬ። «በቃ፣ እንሂድ።»

ቁልቁለቱን ክንድ ለክንድ ተያይዘን በእግራችን ወረድን። ያለወትሮዋ እጄን አልለቀቀችም። መኪና ውስጥ ሬዲዮ አልከፈተችም። ሬንተን ስንደርስ የሕንፃው ግቢ በመኪና ሞልቷል፤ አብዛኛውን አውቀዋለሁ። ሰርግ አለ እንዴ ልል አፌን ስከፍት ወደ ሳሎኔ መስኮት ቀና አልኩ። መስኮቱ ጋ የቆመችው ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

የቀረውን መጻፍ አይሆንልኝም። ክንዶቹ እንደ ወጉ ተዘጋጅተው ነበር። ጋሼ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እንደ ወጉ ነገሩኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሰዉ ቀለል ሲል ወጥ ቤት ገባሁ። ጓደኛዬ ብርጭቆ ታጥባለች። ቆሜ አዳመጥኩ። የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ቧንቧው አያንጠባጥብም።

«ሠራው?» አልኳት።

«መጀመሪያ እሱን ሠርተህ ነው ወንበር የምትደረድረው አልኩት» አለች ፊቷን ሳታዞር። «አውቅሻለሁ፤ ሲያልፍልሽ ተቀምጠሽ ውሸቴን ትለቅሚያለሽ። ዕድሩም እውነት ነው።»

«ኔትወርኩስ?»

«እሱን ወንድምሽን ጠይቂ። ስልኮቹን ያዘጋው እሱ ነው።»

«ትራፊኩስ?»

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ። ጋሼ ስላስጠበቀቻቸው ሰው ፊት እንደተቆጧት፣ እሷም አንገቷን ደፍታ እንደሰማቻቸው፣ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፤ እሷ አልነገረችኝም።

«እሱ» አለች፣ «ለተራራው ነው።»