ሶፋው ላይ የፈሰሰው ውሃ

መስታወት የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት የአውቶቡስ ጋራዥ ጓደኞቹ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ ጫማው አቧራ ለብሶ ወይም የሸሚዙ ኮሌታ ተጨማዶ ያየው ሰው የለም። ጠዋት መሪውን ከመያዙ በፊት መቀመጫውን በመሐረብ ይወለውላል። ሚስቱም ብትሆን የዋዛ አልነበረችም። በአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ፀጉሯ እስኪሸብት ሠርታለች። የወይን ጠጅ ይሁን የደም፣ የዘይት ይሁን የከንፈር ቀለም፣ እሷ እጅ ገብቶ እድፉ ሳይለቅ የተመለሰ አንሶላ አልነበረም። ጎረቤቶች "እነዚህ ሰዎች ቤትማ ዝንብም እግሯን ጠርጋ ነው የምትገባው" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ሳሎናቸው ውስጥ ያለውን ቡኒ የቆዳ ሶፋ የገዛችላቸው አንድ ልጃቸው ናት። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሳታገባ ከእነሱው ጋር ትኖራለች። አባቷ ጡረታ በወጣ ሰሞን፣ "አባዬ፣ ሰው ስታመላልስ ኖርክ፤ አሁን ደግሞ አንተ ተቀመጥ" ብላ አምጥታ አስገባችለት። በሩ ጠቦ መዝጊያው ተነቅሎ ነበር የገባው። መስታወት በመስኮቱ በኩል ያለውን ጥግ ያዘና ከዚያ በኋላ የሚያስነሳው ጠፋ። ጭኑ ላይ የሚቀመጥ አንድ ግራጫ ድመት ነበረው፤ ስሙንም "ረዳት" ብሎ አወጣለት። "ሹፌር ያለ ረዳት የት ይደርሳል?" ይላል ሰው ሲጠይቀው። ድመቱ ወርዶ ወጥ ቤት ሲገባም፣ "ሂሳብ ሰብስቦ እስኪመጣ ነው" ብሎ ይስቃል።

መርሳት ሲጀምረው መጀመሪያ የጠፋበት የጎረቤቶቹ ስም ነበር፤ ቀጥሎ ዕድሜ ልኩን የተመላለሰባቸው መንገዶች። ከዚያ የሚስቱም ስም አመለጠውና "እመቤቴ" ይላት ጀመር። ልጁን አንዳንዴ የእህቱ ልጅ እያደረገ ስለ እናቷ ጤና ይጠይቃታል። የድመቱ ስም ግን አልጠፋበትም።

አንድ ጠዋት ልጅቷ ወደ ሥራ ከሄደች በኋላ ሚስቱ ከጓዳ ስትመለስ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አገኘችው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጠቁሯል። ከሥሩ ቆዳው ላይ የተጠራቀመው በስፌቱ በኩል ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

"ውሃ ፈሰሰብኝ፣ እመቤቴ" አላት።

በአካባቢው ብርጭቆ የሚባል ነገር አልነበረም። ዓይኑን ስታየው ግን የሚለምናት መሰላት።

"አዎ፣ ውሃ ነው። እኔው ነኝ ብርጭቆውን እዚህ ያስቀመጥኩት። ተነስ ልብስህን ልቀይርልህ" አለችው።

ጨርቅ ቢሆን ታውቅበታለች። ትዘፈዝፈዋለች፣ ታሸዋለች፣ ትቀቅለዋለች፣ ትጨምቀዋለች። ቆዳ ግን አይዘፈዘፍ፣ አይቀቀል። ግራ ቢገባት እጇ እንደለመደው በረኪና አቅጥና በጨርቅ አሸችው። ጠረኑ ጠፋ ብላ ደስ ሳይላት ቡኒው ቀለም ከቆዳው ላይ ለቆ ጨርቁን አቀለመው፤ ቦታውም እንደ ቋቁቻ ነጣ። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ስንት እድፍ ያስለቀቀች ሴት በገዛ ቤቷ እድፍ ሠራች። በላዩ ላይ አንድ ያረጀ የአልጋ ልብስ አጥፋ ደረበችበትና ተወችው።

በሌላ ቀን እንደገና "ውሃ" ፈሰሰ፤ ከዚያም ተደጋገመ። እሷም ወድቃ እየተነሳች ተማረች። እንደረጠበ ሳይታሽ በደረቅ ጨርቅ እየተጫኑ መምጠጥ እንደሚሻል፣ አቼቶ ከውሃ ጋር ቀጥኖ በሚገባ በተጨመቀ ጨርቅ ሲጠረግበት ጠረኑን እንደሚሰብረው፣ ሶዳ ዱቄት ነስንሶ አሳድሮ ማራገፉ ትንሽ እንደሚረዳ አወቀች። አንድ ጊዜ ይደርቅልኛል ብላ የመቀመጫውን ልብስ ፀሐይ ላይ ብታሰጣው ቆዳው ተኮማትሮ ተሰነጣጠቀ። ከዚያ ወዲህ ጥላ ውስጥ እያናፈሰች የቆዳ ቅባት ትቀባዋለች። ላዩ ንጹህ ይሆናል፤ ክፋቱ ግን ውስጥ ነበር። በስፌቱ ቀዳዳ የገባው ስፖንጁ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቤቱ ሲሞቅ አፍንጫ እየሰነፈጠ ይወጣል።

አንድ ምሽት ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆማ አየሩን ሳብ ሳብ አደረገች።

"እማ፣ ይሄ ሽታ ምንድን ነው?"

እናት ወደ ባሏ ዞር አለች። የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ልጅቷን እንደ ተሳፋሪ በትሕትና ይመለከታታል። ይህ ሰው አእምሮው ደህና በነበረበት ዘመን፣ "እንደ ሕፃን ከሥሬ የምታጸዱልኝ ቀን ከሚመጣ አፈር ልብላ" ያላትን አስታወሰች።

"ድመቱ ነው" የሚለው ቃል ከአፏ አመለጠ።

ልጅቷ በማግስቱ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ካለው ሱቅ የእንስሳት ሽንት ጠረን የሚያጠፋ የሚረጭ ነገር ይዛ መጣች። መጀመሪያ ማንም የማያየው ጥግ ላይ ሞከሩት፤ ቀለሙን እንደማይነካ ሲያዩ መቀመጫው ላይ ረጩት። ለጥቂት ቀን ቤቱ ቤት ቤት ሸተተ። ከዚያ ያው ሆነ።

"እማ፣ ድመቱን ለሥራ ባልደረባዬ ልስጣት። ሰፊ ግቢ አላት፤ አይጥም አስቸግሯታል" አለች ልጅቷ።

"አባትሽስ?"

"አባዬ የእኔን ስም ረስቶ የለም እንዴ? እሱንም ይረሳዋል።"

እውነቱ የሚነገርበት ሰዓት ያ ነበር። ባሏ ግን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የድመቱን ጆሮ እያሻሸ ስለ አንድ የተበላሸ ፍሬን ያጫውተዋል። እናት ራቱን ልታቀርብ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ጠዋት ልጅቷ ድመቱን ካርቶን ውስጥ አድርጋ ወጣች። ካርቶኑ ውስጥ ሆኖ ሲጮህ እናት ጩኸቱን ላለመስማት የቧንቧውን ውሃ ከፈተች።

መስታወት አልረሳም። በመጀመሪያው ቀን "ረዳቱ የት ሄደ?" አለ። "ይመጣል" አለችው። በማግስቱም እንዲሁ ጠየቀ፤ እንዲሁ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወና ከሶፋው አልነሳም ማለት ጀመረ።

"ና ሽንት ቤት ልውሰድህ፣ ቶሎ እንመለሳለን" ስትለው፣

"ረዳቱ ሳይመጣ መኪና አላስነሳም፤ ሰው ይወድቅብኛል" ይላታል። ብትጎትተው የሶፋውን ክንድ ጨምድዶ ይይዛል፤ እጁ አሁንም የሹፌር እጅ ነው፣ አይላቀቅም። እዚያው ሆኖ ይለቀዋል። አሁን ውሃ ነው ማለቱንም ትቷል። ልብሱን ስትቀይርለት ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ዓይኑን ይጨፍናል።

ልጅቷ ማታ ስትመጣ ስለ ሽታው አታነሳም። መስኮት ትከፍታለች፣ የምትበላውን ይዛ ክፍሏ ትገባለች። እናት ይህን ዝምታ እንደ ምሕረት ቆጠረችው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እናት የመቀመጫውን ዚፕ ከፍታ ስፖንጁን አወጣችና ከቤቱ ጀርባ ይዛው ሄደች። ባሏን እንደ ምንም ለምና ከወጥ ቤት ባመጣችው ወንበር ላይ ትራስ ደርባ አስቀምጣዋለች፤ አሸልቦት ነበር። ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ ከብዷታል፤ ተንበርክካ በሙሉ ክብደቷ እየተጫነችው ብጫውን ውሃ ታስወጣለች። ድምፅ የሰማችው በዚህ መሃል ነው። ከሰው አፍ የወጣ አልመሰላትም ነበር፤ እንጨት የወደቀ ነበር የመሰላት።

ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ደረጃ ግርጌ በጎኑ ወድቆ አገኘችው። አንዱ እግሩ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ጫማውን ራሱ አድርጎ ነበር፤ ክሩንም አስሮ።

"ረዳቱ ወርዶ ቀርቷል። ሳልጠራው ሄድኩ" አላት።

ሐኪሙ የዳሌው አጥንት መሰበሩን ነገራቸው። ቀዶ ጥገና እንዳይደረግለት ልቡ ማደንዘዣውን አይችልም፤ ሕመም ማስታገሻ ይዞ ቤቱ ይተኛ፣ ከእንግዲህ መቆሙን አትጠብቁ አላቸው። እናትና ልጅ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። የእናት እጆች አቼቶ አቼቶ ይሸታሉ።

"ድመቱ አልነበረም" አለች እናት፣ ወለሉን እያየች።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ድመቱ ከሄደ በኋላም ሲሸት ነው ያወቅኩት። ቅሌን ጨርቄን ሳልል ወጥቼ ላመጣው ነበር። ከዚያ አንቺን አሰብኩ። እንደዚያ ተጨንቀሽ የደበቅሽውን እንዴት አድርጌ ፊትሽ ላይ ልዘርግፈው? ላሳፍርሽ አልፈለግኩም።"

"ብትጠይቂኝ እኮ…"

"ብጠይቅሽ ምን ትይኝ ነበር፣ እማዬ?"

ውሃ ነው እንደምትላት ሁለቱም ያውቁት ነበር። ልጅቷ ጭንቅላቷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች፤ ማልቀስ ግን አልቻሉም። ነርሷ መጥታ ቃሬዛውን የሚገፋ ሰው ፈልጉ አለቻቸው።

ልጅቷ በዚያው ሳምንት ባልደረባዋ ቤት ሄደች። ድመቱ እዚያ የቆየው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር አሉ፤ ጠዋት አጥር ዘሎ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ባልደረባዋ ነገሩን ሳትነግራት የቀረችው እንዳታዝን ብላ ነው። ልጅቷ ያን ሰፈር ስትዞርበት ውላ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ሶፋውን ለማየት አንድ ሶፋ ሠሪ ጠሩ። ሰውየው ሶፋውን ደፍቶ የታችኛውን ጨርቅ በጉጠት ነቀለ። ጣውላው ጠቁሯል፣ ማሰሪያው በስብሷል። አፍንጫውን በክንዱ ሸፈን አደረገ።

"የድመት ነው?" አለ።

"የባሌ ነው" አለችው። ለባዕድ ሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። ምድር ተከፍታ የምትውጣት መስሏት ነበር፤ ምንም አልሆነም።

ሰውየውም አልደነገጠም። "ይሄማ በየቤቱ ያለ ነው፣ እናቴ" አላት ማሰሪያውን እየቆረጠ። "ስፖንጁ ይጣላል፣ ጣውላው ተፍቆ ቀለም ይቀባል። ቆዳውን ግን አሳምረሽ አቆይተሽዋል፤ ከዚህች ከነጣችውና ከተሰነጣጠቀችው በቀር ደህና ነው። አዲሱን ስፖንጅ በላስቲክ ጠቅልዬ አገባልሻለሁ፤ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ብቻ ነው። መጀመሪያውኑ ላስቲክ ገብቶበት ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። የአንድ ከሰዓት ሥራ ናት።"

"የአንድ ከሰዓት" አለች እናት።

"እሷንም እንኳ አትሞላም። ጠርታችሁኝ ቢሆን ኖሮ።"

እሱ ምንም ክፉ አስቦ አይደለም የተናገረው፤ ሥራውን እየሠራ ነበር። እሷ ግን ግድግዳውን ተደገፈች። ልጅቷ ከበስተኋላዋ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። ሶፋ ሠሪው እንዳለው ሠርቶ ሄደ። ሳሎኑ ሙጫና አዲስ ስፖንጅ ብቻ ሸተተ። ሶፋው ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ እንግዳ ሲመጣ እንኳ እናትና ልጅ ሳይነጋገሩ ወንበር ያቀርቡለታል።

መስታወት ውስጠኛው ክፍል ተኝቷል። ማስታገሻው ስለሚያደነዝዘው ብዙ አይናገርም፤ አልፎ አልፎ ብቻ ቀኝ እግሩ ብርድ ልብሱ ሥር ፍሬን እንደሚይዝ ሁሉ ይገፋል፣ ሕመሙም ያኔ ይነሳበታል። ጀርባው እንዳይቆስል ጎኑ መለወጥ አለበት። ልጅቷ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት አንዷ በትከሻው ሌላዋ በጉልበቱ ይዘው፣ እሱ እያቃሰተ፣ ወደ በሩ ያዞሩታል። ልጅቷ እጇን ታጥባ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የእናት ነው፤ ብቻዋን ልታዞረው ስለማትችል ልጇ እስክትመለስ ድረስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።