ጋሽ ተስፋዬ ያልጻፉት ደብዳቤ

እዚህ ናይሮቢ ያለው የካቶሊክ ቁምስናችን ለወጣቶች ሱባኤ ሲያዘጋጅ አንድ ልማድ አለን። ወላጆች ለልጆቻቸው በድብቅ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ እኛ አስተባባሪዎቹ ደግሞ በመጨረሻው ቀን እናድላለን። ባለፈው ጊዜ ደብዳቤዎቹን ስደረድር የሜሮን የለም። አባቷ ጋሽ ተስፋዬ ከሞያሌ እየተመለሱ ነው፤ ስልካቸው አይሠራም። ሌሎቹ ሲያነቡ እሷ ባዶ እጇን ስትቀመጥ ታየኝና አላስቻለኝም። ጓዳ ገብቼ በአባቷ ስም ጻፍኩላት።

ኃጢአቱ ሳያንስ፣ ሜሮን እዚሁ ኬንያ ያደገች ናትና ፊደል አታነብም።

"ፕሊዝ፣ አንቺ አንብቢልኝ" ብላ ሰጠችኝ።

የገዛ ውሸቴን ጮክ ብዬ አነበብኩ። "የምቆጣሽ ስለምፈራልሽ ነው እንጂ እኮራብሻለሁ" የሚለው ላይ ስደርስ ማልቀስ ጀመረች።

"ዳዲ እንደዚህ ብሎኝ አያውቅም። ድገሚልኝ።"

ደገምኩላት።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተስፋዬ ሊወስዷት መጡ። ሮጣ ተጠመጠመችባቸው።

"ዳዲ፣ ለደብዳቤው አሳንቴ ሳና!" ብላ በስዋሂሊ አመሰገነቻቸው።

እሳቸው በትከሻዋ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ። አለቀልኝ አልኩ። ሻንጣዋን ልታመጣ ስትሄድ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ..."

ከኪሳቸው የተጨማደደ ወረቀት አወጡ። "ልጄ ሜሮን" ይላል፤ ከዚያ በታች ባዶ ነው።

"ሳምንቱን ሙሉ ሞክሬ ከዚህ አላለፍኩም" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "በይ ሳትመጣ ቶሎ ንገሪኝ፤ ምን ብያታለሁ?"