የአራተኛው አልጋ ጩኸት

የሺወርቅ ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሰባቱ አልጋዎች አራተኛው የራሱ ጠባይ አለው። የልብ ምትና ኦክስጅን የሚለካው ሞኒተር ሽቦው ተበጥሶ በፕላስተር ስለተያያዘ፣ ሕመምተኛው ደህና ሆኖም ይጮኻል። ነርሶቹ ይቀየርልን ብለው ሦስት ጊዜ ጽፈዋል። መልስ ሲጠፋ አንድ ልማድ አወጡ፤ በአጠገቡ ሲያልፉ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ፣ የድምፅ ማጥፊያውን በአውራ ጣት ይጫኑታል።

ልማዱ ቤቷ ድረስ ተከትሏታል። ስልክ ሲጠራ ማን እንደደወለ ሳታይ ድምፁን ትዘጋለች።

"ላንቺ ከመደወል ለግድግዳ ማውራት ይሻላል" ትላታለች አኖ ከተማ ያለችው እህቷ ሃና።

እንቅልፍም ካጣች ቆይታለች። ወደ ተመላላሽ ክፍል ልዛወር ብላ ያመለከተችው ለዚህ ነው። የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር አስካለ፣ "እስከ ዓርብ ይፈረምልሻል" ብለዋታል።

ማክሰኞ ከሰዓት ለሰባቱም አልጋ የነበሩት ሁለት ነርሶች ብቻ ናቸው። ባልደረባዋ ሮብሳን ኦክስጅን ሊያመጣ ወጣ። አራተኛው አልጋ ላይ ከአንገር ጉቲን የመጣ ጨመዳ የሚባል ገበሬ ተኝቷል። የሺወርቅ ሁለተኛው አልጋ ላይ ላለችው ሴት ልትደርስ ስትሮጥ አራተኛው ጮኸ። ጣቷ ማጥፊያውን ተጫነ፤ አለፈች።

"ሲስተር፣ ኮቱ! ነይ! ከንፈሩ ጠቆረ!"

የጨመዳ ሚስት ዱረቲ ናት፣ ከበሩ ላይ።

የዛሬው ጩኸት የእውነት ነበር። የመተንፈሻ ቱቦው በአክታ ተደፍኗል። የሺወርቅ አክታውን በማሽን መጠጠችለት፤ በእጅ በሚጨመቀው ከረጢት አየር ሰጠችው። ሮብሳንም ደርሶ አገዛት። የሰውዬው ከንፈር ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ዱረቲ ቀኝ እጇን ይዛ ሳመችው። "ገለቶሚ፣ ልጄ! እጅሽ ይባረክ!"

ማጥፊያውን የተጫነው ያው እጅ ነበር። የሺወርቅ ልትነጥቃት አልቻለችም።

የሺወርቅ ሲስተር አስካለ ቢሮ ገብታ ቆመች።

"ሪፖርት ልጽፍ ነው።"

"የምኑን? ሰውዬው ተርፏል እኮ!"

"ሳላይ አጥፍቼው አለፍኩ።"

"ማን የማያጠፋው አለ? ከጻፍሽ ምርመራ ይከፈታል፤ ምርመራ ላይ ያለች ነርስ ደግሞ አትዛወርም። እስከ ዓርብ አፍሽን ብትይዢ ምን አለ?"

"እኔ ብሄድ ነገ ሮብሳን ያጠፋዋል።"

ሲስተር አስካለ መነጽራቸውን አወለቁ። "ክፋት መስሎሽ እንዳይሆን፣ የሺ። ሰውነትሽ ሲዳከም እያየሁት ነው።"

"አውቃለሁ፣ ሲስተር።"

እስክሪብቶውን ይዛ ብዙ ቆየች። ተመላላሽ ክፍል መስኮት አለው፤ ማታ ሰው ወደ ቤቱ የሚሄድበት ክፍል ነው። ከዚያ ግን ጻፈች፤ የራሷን ጣት አስቀድማ፣ ሽቦውን አስከትላ።

ዓርብ ዝውውሩ ታገደ። ሞኒተሩንም ነቅለው ወሰዱት፤ ምትክ አላመጡም።

አሁን አራተኛው አልጋ ዝም ብሏል። ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራታል። ባለፈች ቁጥር ትቆማለች፤ የጨመዳን አንጓ ይዛ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች የልቡን ምት ትቆጥራለች። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላዋ ስድስተኛው አልጋ ይጮኻል።

እጁን ሳትለቅ፣ አንገቷን አዙራ ታየዋለች።