የትኛው ለእጅህ ይስማማል?

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። በደርግ ጊዜ እንደሆነ፣ ሽንብራም የተሰበሰበበት ወራት እንደነበር ግን አልረሳሁም። ቆላውን ይዤ ወደ ሱዳን ስወርድ ወታደሮች ያዙኝ። ጆንያዬን ቢፈቱት መዶሻና ጉጠት አገኙ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ የኔም ሥራ ያው ነው። «ለሽፍታ መሣሪያ የምትጠግነው አንተ ነህ» አሉና የፊጥኝ አስረው ወሰዱኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ ግድግዳው የነቀዘ እህል ይሸታል። መስኮት የለውም። ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። አንዱ ቀና ብሎ አየኝና «ቀጥቃጭ መጣላችሁ፤ ምሳችሁን ደብቁ» አለ። ቡዳ ነው ማለቱ ነው። ሳቁ። ቦታ የለቀቀልኝ አልነበረም፤ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ተቀመጥሁ።

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ድምፁም ለስላሳ። ገመዱን አስፈታልኝ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሽጉጥ ደርድሯል፤ ጥይት በካዝና የሚጎርሱ ናቸው፤ ጥይታቸው ወጥቷል።

«አትፍራ» አለኝ። «ሁሉንም ጨበጥ ጨበጥ አርጋቸው። የትኛው ለእጅህ ይስማማል?»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አባቴ ማጭድም ሆነ ምሳር ሲሸጥ ገበሬውን ሳያስጨብጥ አይሰጥም ነበር። «ጨብጠው፣ ወዝውዘው፣ ለእጅህ ይስማማል?» ይለዋል። ካልተስማማው እጀታው እንደገና ይጠረባል። እኔ ይህን ጥያቄ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ እጄ እንደደነዘዘ አንድ ባንድ አነሳኋቸው። አንዱ ይከብዳል። ሌላው እጀታው ወፍራም ነው፤ ጣቴ ምላጩ ጋ አይደርስም። ሦስተኛው መዳፌ ውስጥ ገጠም አለ። «ይኸኛው» አልሁት።

መርማሪው በር ላይ ወደቆመው ጠባቂ ዞረ። «አየህ፣ ሽጉጥ ጌታውን አይስትም» አለው።

«ኧረ ጌታዬ፣ የጠየቁኝን ነው የመለስሁ።»

«ነገ አለቃችን ባለበት ትደግመዋለህ። ከዚያ በጣትህ ትፈርምና ለማን ለማን እንደጠገንህ ትነግረናለህ።»

የማጭድን ወግ ለዚያ ልጅ በምን አፌ ላስረዳው? ልናገር ብጀምር ዝም በል አሉኝ። እንደገና አሰሩኝ፤ ከቀድሞው አጥብቀው። ክፍሉ በር ላይ ሲፈቱኝ ጣቶቼ የኔ አልነበሩም።

ጥግ ላይ ይቀመጥ የነበረ አንድ የከዳ ወታደር ተነስቶ አጠገቤ መጣ። ሌሎቹ «ይበላሃል» ቢሉት «ምን ሥጋ አለኝና» አላቸው። ክንዴን ይዞ ወደ ታች ያሸኝ ገባ። የሆነውን ነገርሁት።

«ሞኝ» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «ለሁሉም ያንኑ ነው የሚጠይቁት። ያነሳ ባለቤት ይሆናል። ነገ የፈለገ ቢሉህ እጅህን አታውጣ።»

ምግብ ሲመጣ አልነካሁም። እኛ ቤተ እስራኤል ያን ጊዜ የሌላ ሰው ያበሰለውን አንበላም ነበር።

«ሕግህ ስለ ሽንብራ ምን ይላል?» አለኝ ወታደሩ።

«ጥሬውን ከሆነ ምንም አይል።»

ከኪሱ ጥሬ ሽንብራ አወጣ። ጣቶቼ አልታዘዝ ስላሉኝ አንድ ባንድ አጎረሰኝ።

በነጋው አለቃው መጣ። ሽጉጦቹም እንደ ትናንቱ ተደርድረዋል። «የትናንቱን አንሳ» አለኝ መርማሪው። እጄን ጋቢዬ ውስጥ አጣጥፌ ያዝሁ።

«ጌታዬ፣ የኔ እጅ የመዶሻ ነው። እዚህ የሚስማማው የለም።»

መርማሪው በጥፊ አጮለኝ። ደገመኝ። እጄን አላወጣሁም። በጣቴም አልፈረምሁም፤ የማንንም ስም አልሰጠሁም። ከርሜ ከርሜ ተለቀቅሁ። ወታደሩን ግን ቀደም ብለው ወስደውት ነበር፤ ወዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም።

አሁን እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ፣ ጊቫት ሃሞሬ የሚባል ሰፈር ነው የምኖር። ልጄ ጥበቃ ትሠራለች። በቅርቡ ሪሽዮን፣ ማለት የጦር መሣሪያ ፈቃዱን፣ አገኘችና ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካለ የሽጉጥ መደብር ይዛኝ ሄደች። ሻጩ መስታወቱ ላይ ሲያሰልፋቸው እጄ ሳላዘው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ገባ።

ሻጩ ትልቁን ያወድሳል። «ብዙ ጥይት ይይዛል፤ ሲተኮስም አይራገጥም» ይላታል። ልጄ ጨበጠችው። አየሁት፤ ጣቷ ምላጩ ጋ እንዲደርስ መዳፏ ከእጀታው ላይ ይዞራል። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ለመሳብ ትንፋሿን ትይዛለች። ቀኑን ሙሉም ወገቧ ላይ ልትሸከመው ነው። አይስማማሽም ልላት ፈለግሁ። ይህን ሁሉ ዘመን፣ ይህን ሁሉ አገር አልፌ አንዲት ቃል ላውጣ አልሁና አቃተኝ። በገዛ ራሴ በገንሁ።

«ልከፍል ነው» አለች ልጄ። ሻጩ ደግሞ ትንሿን ሽጉጥ ወደኔ ገፋ አደረጋት። «ሳባ፣ አንተስ? የትኛው ለእጅህ ይስማማል?» አለኝ እየሳቀ። ክፋት የለውም፤ ሳባ ማለቱ አያት ብሎ ማክበሩ ነው። ወጥቼ ደጅ ቆምሁ።

ልጄ ተከትላኝ መጣች። «አባ፣ ማ ካራ? ምን ሆንህ? ሰውዬው ምን አለህ?»

«ምንም አላለኝ።»

«ታዲያ እጅህን ለምን ትደብቃለህ? ሁልጊዜ ትደብቀዋለህ።»

እውነቷን ነው። አወጣሁት። ሁለቱ ጣቶቼ እስከ ዛሬ አይታጠፉም፤ ብርድ ነው እያልሁ ነው ያሳደግኋት። እዚያው ቆመን፣ የጭነት መኪና ድምፄን እየዋጠው፣ ሁሉንም ነገርኋት። የሚያናድደኝ ጥፊው አይደለም። የአባቴን ደግ ጥያቄ ወስደው ወጥመድ አደረጉብኝ።

የማይታጠፉትን ጣቶቼን ይዛ አየቻቸው። ከዚያ «ትልቁን ልተወው?» አለችኝ።

«ተይው። ጣትሽ ሳይንጠራራ ምላጩ ጋ የሚደርሰውን፣ ብረቱን ሳትታገዪ የምትስቢውን ያዢ። ሳትቸኩዪ ሁሉንም ጨብጪ። ለእጅሽ የሚስማማውን አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ገባች። ትንሿን ይዛ ተመለሰች። አውቶቡሱ ሽቅብ ወደ ሰፈራችን ሲወጣ «ሽንብራውን ያጎረሰህ ሰውዬ ስሙ ማነው?» አለችኝ።

የመርማሪው ስም ጠፍቶኛል። የአለቃውም ጠፍቶኛል። ዓመቱም እንደዚያው። ይኸኛው ግን አልጠፋኝም።

አስረስ ይባላል።